አጎበር የለበሰው ዘንባባ

መኮንንዬ፣

ለማንም ያልተናገርኩትን ላንተ ልንገርህ። ከቡሄ ጀምሮ እሰማህ ነበር። ጓሮ፣ ዘንባባህ ውስጥ ሆነህ ትጠራኝ ነበር። ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም፤ ለእህትህም ለጎረቤትም አልተነፈስኩም። ጥሩወርቅ አእምሮዋን ሳተች እንዳይሉኝ ፈርቼ ብቻ አይደለም። አፌን ከከፈትኩ ድምፅህ የሚጠፋ ስለመሰለኝ ነው።

ከተለየኸኝ ወዲህ ነገ ሁለተኛው ሆሳዕና ነው። ሰው ፊት «አንቱ» እልህ ነበር፤ ለብቻችን ስንሆን «አንተ»። አሁንም ለብቻችን ነን። የምጽፍልህ ከዘንባባው አጠገብ፣ አንተ በሠራሃት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ነፋስ አለ፤ ወረቀቱን በክርኔ ተጭኜዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ልንገርህ። ከበራችን ፊት ያለው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ባጃጆቹ እንደ ድሮው ጭቃ ውስጥ አይቀረቀሩም፤ ይልቅ ጠዋት ጠዋት እኛ አጥር ሥር ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ፤ ጫጫታቸውን ለመድኩት። በስተምሥራቅ ያለውን የአጥር ቆርቆሮ ነፋስ ወስዶት አስመትቼዋለሁ። ሰርቪሷን አከራይቻታለሁ። ተከራዩ መምህር ኤልያስ ይባላል፤ አገሩ ወላይታ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለ ዕፅዋት ያስተምራል። ሁለት ጋቢ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ ይወጣና፣ «እማማ፣ እዚህ አገር ፍሪጅ የሚገዛ ሰው ምን አስቦ ነው?» ይለኛል። ብትኖር ትወደው ነበር።

የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ግን አላስቀባሁትም። አምና ለፋሲካ እትዬ አልጋነሽ፣ «የወንድሜ ቤት እንዲህ ጠቁሮ አይከርምም» ብለው ቀለም ሊያስቀቡልኝ ተነሥተው ነበር። እምቢ አልኩ። ለምን እንደሆነ እሳቸው አያውቁም። አንተ ታውቃለህ።

ስትሮኩ አንደበትህንና ቀኝ ጎንህን ሲወስድ የቀረችህ ግራ እጅህ ናት። በጥፍርህ ግድግዳውን ትፍቅ ነበር። ፋቅ ፋቅ ስታደርግ የትም ብሆን እመጣለሁ። ውሃ ትፈልግ ነበር፣ መገላበጥ ትፈልግ ነበር፤ አንዳንዴም ምንም አትፈልግም፤ እንድመጣ ብቻ ነው። ገብቼ ሳይህ በግማሽ ፊትህ ፈገግ ትላለህ፤ እኔም ተቆጥቼ እወጣለሁ፤ ተቆጥቼም አልነበረም።

ያን ከሰዓት በራፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ አነብ ነበር። ንባብን እንዴት እንደለመድኩ ታስታውሳለህ፤ ከመስክ ሥራ ስትመለስ ቲማቲሙንም ሳሙናውንም ጠቅልለህ የምታመጣበትን ጋዜጣ እያቃናሁ፣ ፊደል በፊደል ስለቃቅም። «ዕቃውን ትታ መጠቅለያውን የምትወድ ሚስት አገባሁ» እያልክ ታስቅብኝ ነበር። ያን ቀን የያዝኩት ሽፋኑ የወደቀ ልብ ወለድ ነበር። ስትፍቅ ሰማሁህ። ይህን ገጽ ልጨርስ አልኩ። ደግመህ ፋቅክ። መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ሴት የሞላ ወንዝ ልትሻገር ነበር፤ ትሻገርና እመጣለሁ አልኩ። ከዚያ ዝም አልክ። ተኛ ብዬ አሰብኩ። ደስም አለኝ። ይህን ልደብቅህ አልችልም፤ ማንበቤን እንድቀጥል ስለተኛህልኝ ደስ አለኝ። ስገባ ጥፍርህ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነበር።

እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሲደርሱ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «ብቻውን ነበር?» ብለው ነው። «እጁ በእጄ ውስጥ ነበር» አልኳቸው። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። በአርባህ ደግሞ ጠየቁኝ፤ ዓይኖችህ እያዩኝ በሰላም ተከደኑ አልኩ። በሙት ዓመትህ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሲጠይቁኝ ግን ሌላ ጨመርኩ። አንደበትህ በመጨረሻው ተፈትቶ ስማቸውን ጠራህ አልኩ። አለቀሱ፤ ከዚያም ሳቁ። ከሞትክ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ በየማኅበሩ እንደ ተአምር ይናገሩታል፤ «ድዳ ሆኖ ከርሞ አልጋዬ ብሎኝ ሞተ» ይላሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ። አንዳንዴ ለራሴም እውነት ይመስለኛል፤ እጅህ በእጄ ውስጥ ሲሞቅ ይሰማኛል፤ ከዚያ የራሴን ጣቶች አያለሁ።

ወደ ዘንባባው ልመለስ። ከባሕር ዳር በዘይት ጣሳ አድርገህ፣ መኪናው ውስጥ በእግሮችህ መካከል ይዘኸው ስትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀብህ። «ሐይቁንስ የት ተውከው? እሱንም በጣሳ አታመጣውም ነበር?» አሉህ። ደብረ ታቦር ዘንባባ የሚበቅልበት አገር አይደለም፤ ውርጩ ጎመን እንኳ ያቃጥላል። አንተ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ማታ ጆንያ ታለብሰው ነበር፣ ጠዋት ታወልቅለታለህ። እሑድ በጋፋት በኩል ባለው የእግር መንገድ በእግራችን ስንሄድ ጥቁር አፈር በፌስታል ይዘህ ትመለስ ነበር። እኔ በሰው ፊት አፈር ተሸክሞ መሄድ ያሳፍረኝ ነበርና ወደ ኋላ እቀር ነበር። በቀለ። ዝግ ብሎ፣ እየተኮራመተ፣ ግን በቀለ። ግንዱ ዛሬም ካንተ ቁመት ብዙ አልበለጠም። ከሰዓት በኋላ ጥላው የቤቱ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ልብስ ሳሰጣ ስንት ጊዜ ደንግጫለሁ።

ሆሳዕና ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ ወደኛ መምጣት የጀመረበትን ጊዜ ታስታውሳለህ። ከሐሙሲት በሚኒባስ የሚመጣው ዘንባባ ሲደርስ የጠወለገ ነው፤ የኛ ከዛፉ ነው። ሰው የሚወደው ደግሞ መካከል ላይ ያለውን፣ ገና ያልተፈታውን ለጋ ቅጠል ነው። ነጣ ያለ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ መስቀልም ቀለበትም ቢሠሩት አይሰበርም። አንተ ግን ቆጥበህ ትሰጥ ነበር፤ ከዳር ከዳር ትቆርጥና ለደብሩ አንድ ሸክም፣ ለጎረቤት እፍኝ እፍኝ ታከፋፍል ነበር።

አምና ግን አንተ የለህም፤ የምሰጠው እኔ ነኝ። መሰላሉን አቆምኩላቸው። አንዱ ይመጣና፣ «ነፍስ ይማር፣ የመኮንን ዘንባባ እኮ ነው» ይላል፤ ቁረጥ እለዋለሁ። ሌላዋ ትመጣለች፤ «ነፍሱን በገነት ያኑርልሽ» ትላለች፤ ቁረጪ እላታለሁ። እምቢ ለማለት ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ነፍስ ይማር ባሉ ቁጥር አንድ ቅጠል ሰጠሁ። ይቅርታህን በቅጠል የምገዛ ይመስለኝ ነበር። ሲጨርሱ ዛፉ አናቱ ተላጭቶ፣ መካከሉ ነጭ ሥጋ መስሎ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቀረ። ጣፋጭ ሽታ ነበረው። ቆሜ አሸተትኩት።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዳ ነገር ወዲያ ወዲህ ሲል ያየሁት። ትልቅ ናት፤ ቢራቢሮ ነች ብዬ ነበር። ስታርፍ የደረቀ ቅጠል ትመስላለች፤ ስትነሣ ከሥር ያለው ክንፏ ብርቱካን የመሰለ ቀይ ነው። በጠራራ ፀሐይ መጥታ፣ የተቆረጠው ላይ ዞር ዞር ብላ፣ ቃጫ በመሰለው የግንዱ ልባስ ውስጥ ጭራዋን ትሸጉጣለች። አላባረርኳትም። ከአስከሬንህ መውጣት ወዲህ ወደዚህ ግቢ ያማረ ነገር ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። በቡሄ ልጆች በራችን ላይ ሲጨፍሩ ዋሉ፤ ሙልሙላቸውን ይዘው ሄዱ፤ ዝናቡም ጋብ አለ። ጓሮ እንጨት ላነሣ ወጣሁ። ፋቅ ፋቅ።

እንጨቱን ጣልኩት። ድመት ናት ብዬ ዞርኩ፤ የለችም። በእግሬ ጣት ቆሜ ጆሮዬን ወደ ግንዱ አናት አስጠጋሁ። ፋቅ ፋቅ፤ ዝም፤ ደግሞ ፋቅ። የጥፍርህ ድምፅ ነበር። የጭቃው ግድግዳ ላይ እንደምታደርገው፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንደሚደክም። «መጣሁ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እርጥብ መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ «መጣሁ፣ መጣሁ፣ ምን ልስጥህ?» አልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ከዚህ አልጠፋሁም። ስትፍቅ እነሣለሁ። ውሃ አፈሳለሁ፣ ግንዱን እዳስሳለሁ፣ ዳዊት እደግምልሃለሁ። ያን ልብ ወለድ ግን አላወጣሁትም። ሰው ቤት አልሄድ አልኩ፤ ብሄድም ቡናውን ሁለተኛ ሳልጠጣ ተነሥቼ እወጣለሁ። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ እንኳ፣ አሁን እየጠራኝ ይሆናል ብዬ ልቤ ይሸበራል። ሰው ከስተሻል አለኝ። አልከሳሁም፤ አንድ ጊዜ ያልመጣሁትን በየቀኑ እየመጣሁ ነበር። ደስታ ነበር ልበልህ? ደስታ አልነበረም። ግን ባዶ አልነበርኩም።

በየካቲት መጨረሻ መምህር ኤልያስ ልብሱን ሊያሰጣ ጓሮ ወጥቶ ዘንባባው ፊት ቆመ። አዲስ የተፈታውን ቅጠል ዘርግቶ አሳየኝ። ቀዳዳ አለበት፤ በመስመር የተደረደረ፣ በእርሳስ የወጋው ይመስላል። «እማማ፣ ይህን ማን በሳው?» አለኝ። ውርጭ ይሆናል አልኩት። ሳቀ፤ ውርጭ በማስመሪያ አይሠራም አለ። ቅጠሉ ገና ተጣጥፎ ሳለ አንድ ነገር ገብቶ ቀዶት ሄዷል፤ ሲዘረጋ ነው ቀዳዳው ረድፍ የሆነው። ከዚያ የግንዱን ልባስ ገለጥ አደረገ፤ ሰጋቱራ የመሰለ እርጥብ ነገር ተራገፈ። ከሥሩ ባዶ ቅርፊት ጎትቶ አወጣ፤ ቡናማ፣ ወረቀት የመሰለ፣ ውስጡ የነበረው የሄደ።

ቢራቢሮዬን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ቢራቢሮ አይደለችም፣ የእሳት ራት ናት አለኝ፤ ግን እንደሌሎቹ ማታ መብራት አትፈልግም፣ ቀን በፀሐይ ነው የምትበረው። እንዲህ ዓይነቷን የሚያውቃት በሌላ አገር መጻሕፍት ውስጥ እንደሆነ፣ ያችው መሆኗን ግን ሳያጣራ እንደማይምል ነገረኝ። ምናልባት ከሚሸጥ ችግኝ ጋር መጥታ ይሆናል። እንቁላሏን ልባሱ ላይ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ትል ወደ ውስጥ ይገባና የዛፉን ልብ ይበላል። ትኩስ ቁስል ደግሞ ይጠራታል። «አምና በሆሳዕና ነው የተቆረጠው አይደል?» ሲለኝ ባዶውን ቅርፊት ከእጁ ወሰድኩ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣

«ሲበላ እኮ ይሰማል፤ ፋቅ ፋቅ ያደርጋል። ጆሮዎን አስጠግተው አያውቁም?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።



ምን መደረግ እንዳለበት በደንብ አስረዳኝ። ልባሱን መግፈፍ፣ ጉድጓዱን እየተከተሉ ትሉን በሽቦ ማውጣት፣ የተወገደውን ማቃጠል። ከዚያ በፀሐዩ ወራት አናቱን ጥቅጥቅ ባለ መረብ መሸፈን፣ የእሳት ራቷ እንዳታርፍበት፤ ውስጥ የቀረ ካለም ወጥቶ እንዳይበር። እርጥብ ቅጠል ደግሞ ከእንግዲህ በዚህ ወራት አለመቁረጥ። መድኃኒት እንዳንፈልግ መንገዱ አንድ ጊዜ ሲዘጋ አንድ ጊዜ ሲከፈት ነው፤ ቢገኝም እዚህ ለሰው ጤና የማያሰጋውን መለየት ይከብዳል አለ። «ነገ እንጀምር» አለኝ። እሺ አልኩት። በማግሥቱ ጾም ነው ደክሞኛል አልኩ። ቀጥሎ እንግዳ አለብኝ አልኩ። ሌላ ቀን ደግሞ መሰላሉ ተሰበረ አልኩ፤ ያልተሰበረውን መሰላል ከጎተራው ኋላ ደበቅኩት።

እውነቱን አውቄ ሳለ አሁንም ከሰዓት ከሰዓት እወጣ ነበር። ትል ነው እያልኩ ለራሴ እነግራለሁ፤ ሲፍቅ ግን እግሬ ቀድሞኝ ይሄዳል። መቼም ትል ነው ተብሎ የባል ድምፅ አይናቅም። ድምፁ ከቆመ ምን ይቀረኛል ብዬ ፈራሁ። ዛፉ ይበላ፣ እኔ ልስማ አልኩ። በጆንያ እየሸፈንክ ባሳደግከው ዛፍ ላይ እንዲህ ያለ ክፉ ሐሳብ አሰብኩ።

መሃል ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ኤልያስ ቀልዱን ተወ። የእናቱ እንሰት በታመመ ጊዜ ቤተሰቡ አይቶ እንዳላየ ዝም ማለቱን፣ ጓሮው ሁሉ እስኪጠፋ መጠበቃቸውን ነገረኝ። ከዚያ፣ «እማማ፣ ሌላውን ዛፍ ቢቆርጡት ከጎኑ ያቆጠቁጣል። ዘንባባ ግን ያለው ልብ አንድ ነው፤ እሱ ከተበላ ሌላ የለውም። ካልፈለጉት እንቁረጠውና ይገላገል፤ ከፈለጉት ግን በቁሙ አያስበሉት» አለኝ። ይህን ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አዝኖ ነው።

በዚያው ሳምንት እትዬ አልጋነሽ መጡ። ማጭዳቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ነው የመጡት። ዘንድሮ ከሐሙሲት በኩል ዘንባባ መምጣቱ ያጠራጥራልና የደብሩ ሰዎች ዓይናቸውን ወደኛ ጥለዋል፤ ቀድመው መጥተው ለጋ ለጋውን ሊያስቀምጡ ነው። ዛፉ ታሟል፣ ዘንድሮ አይቆረጥም አልኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም፤ ዛፍ ምኑን ይታመማል አሉ። ቀዳዳውን አሳየኋቸው። የእግዚአብሔርን ቤት የሚያገለግል ዛፍ እግዚአብሔር ይጠብቀዋል አሉኝ፤ ተከራዬ የሰው አገር ሰው ነው፣ የእኛን ሆሳዕና ምን ያውቃል አሉ። እሱም ክርስቲያን ነው አልኳቸው። ያኔ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ሲቆጡ ዝቅ እንደሚል ታውቃለህ።

«የመጨረሻ ትንፋሹን ያወጣው ስሜን ጠርቶ ነው። ይህን ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እስኪ በእሱ እጅ፣ በያዝሽው እጁ ንገሪኝ፣ መኮንን ቢኖር እኔን ባዶዬን ይሰደኝ ነበር?»

ምን ልበላቸው? ይቁረጡ ብል ልቡን ይወስዱታል፤ እምቢ ብል በራሴ ውሸት ተይዣለሁ። ማጭዱ ከነጠላው ወጥቷል። ተነሥቼ ከግንዱ ፊት ቆምኩ። «እትዬ፣ አይቆረጥም» አልኩ እንደገና። እትዬ አልጋነሽ ማጭዳቸውን መልሰው ጠቀለሉ። «ሚስት አፈር ናት፤ የተተከለባትን ታበቅላለች እንጂ አትከለክልም» ብለው ወጡ። ቅዳሜ ማኅበር ላይ ከጎኔ አልተቀመጡም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም አሉኝ፤ ግን ጉንጬን አልሳሙኝም።

እትዬ አልጋነሽ ተቆጥተው በወጡ ማግሥት ኤልያስን ራሴ ጠራሁት። መሰላሉን ከጎተራው ኋላ ሳወጣ አየኝ። ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ነቅሎ ጫፉን አጠፈልኝ። እሱ ሊያወጣ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ነኝ የማወጣው አልኩት። ልባሱን በቢላ እየገፈፍን፣ ሰጋቱራውን እየጠረግን ጉድጓዶቹን አገኘን። የመጀመሪያው ሲወጣ ነጭ ነው፤ ወፍራም፣ የሰው አውራ ጣት ያህላል፤ ራሱ ብቻ ቡናማ ነው። በእሳቱ ላይ ጣልኩት። ቀጥሎም ሌላ። 

ሁሉም ወጥቷል ስንል ጆሮዬን አስጠጋሁ። ፋቅ ፋቅ። አንዱ ቀርቷል። ከልቡ አጠገብ፣ ሽቦው የማይደርስበት ነው። ድምፁ የለመድኩት ድምፅ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ የሚደክመው። ሌሎቹ ሲያልቁ እሱ ብቻውን ሲቀር ደግሞ ይበልጥ አንተን መሰለ። ኤልያስ፣ «ይኸኛው ነው የሚገድለው» አለኝ። ሽቦውን አቃንቼ ወደ ውስጥ አስገባሁ። ሲነካው ተሰማኝ። ቆምኩ። መኮንን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ «ይቅር በለኝ» ብዬ ነው የገፋሁት። ለትል እንዲህ ሲባል ኤልያስ ሰምቶ ይሆናል፤ ግን ዓይኑን ወደ አጥሩ አዞረ።

ከዚያ ድምፅ የለም። ጆሮዬን አስጠግቼ ቆየሁ። ግንዱ ዝም አለ፣ ግቢው ዝም አለ። ያኔ ነው የገባኝ። ከቡሄ ጀምሮ የጠራኸኝ አልነበርክም። አንተ የጠራኸኝ ያን ከሰዓት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልጠራኸኝም። ያን ያህል ጊዜ «መጣሁ» ያልኩት ለማንም አይደለም። መሰላሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በቀብርህ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። በቀብርህ ጊዜ እጁን የያዝኩ ሚስት ሆኜ ነበር ያለቀስኩት፤ ያቺ ሌላ ሴት ናት።

አናቱን የሸፈንኩት ለሥራ ፎገራ መስክ ስትወጣ ለወባ በምትይዛት አጎበር ነው። ከሻንጣህ ሥር ነበረች። ቀዳዳዋን ጠቃቀምኩ፣ ዙሪያዋን በገመድ አሰርኩ። አሁን ከሩቅ ሲያዩት ነጭ የለበሰ ሰው ይመስላል፤ የባጃጅ ልጆች «ሙሽራው» ይሉታል። መጀመሪያ ሰሞን በመስኮት ባየሁት ቁጥር ይዘገንነኝ ነበር። አሁንም አንዳንዴ ይዘገንነኛል። ኤልያስ አጎበሩን ከማሰራችን በፊት ለጋው ቅጠል ላይ፣ ከጎኑ ካለው ቅጠል ትይዩ፣ በማይለቅ ቀለም መስመር አስምሮ ነበር። ሕይወት ካለው መስመሩ ከፍ ይላል፤ ከሞተ ባለበት ይቀራል አለ። ዛሬ ጠዋት ገልጠን አየነው። በጣት ውፍረት ከፍ ብሏል። ኤልያስ ገና ነው፣ ክረምቱን ይለፍ አለ። ሊተርፍ ይችላል፣ ላይተርፍም ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ነው ይህን ልጽፍልህ የተቀመጥኩት። አልረሳህም ብዬ ልምልልህ እፈልጋለሁ፤ ግን ማንን እንደማልረሳ ለይቼ ልማል። እስከ ዛሬ ለሰው ያወራሁት መኮንን እጁን የተያዘ፣ በሰላም ያንቀላፋ፣ አንደበቱ የተፈታ ሰው ነው። እሱን እኔ ፈጠርኩት። ከእንግዲህ የማስታውሰው አንተን ነው፤ ፀሐይ ከበራፍ ወዲያ ሆና፣ ሚስቱ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ሆና፣ ብቻውን የነበረውን። በጸሎቴ የምጠራው እሱን ነው። ግድግዳውንም አላስቀባውም፤ ሰው ለምን ቢለኝ ለምን እንደሆነ እነግረዋለሁ።

ነገ ሆሳዕና ነው። ባዶ እጄን እቆማለሁ፤ የደብሩ ሰዎች ያገኙትን ያህል ከሌላ ቦታ አምጥተዋል አሉ። ከቅዳሴ በኋላ ይህን ወረቀት ይዤ ወደ እትዬ አልጋነሽ እሄዳለሁ። እሳቸው ፊደል አይቆጥሩም፤ እኔው አነብላቸዋለሁ፤ ያን ከሰዓት ሳልዘል፣ ስማቸውን አለመጥራትህንም ሳልዘል። ያለቻቸውን የመጨረሻ ደስታ ነው የምወስድባቸው፤ አውቃለሁ። ያን ሳቃቸውን መልሼ አላየው ይሆናል። ውጪልኝ ካሉኝ እወጣለሁ፤ ቢረግሙኝም ቆሜ እሰማለሁ። ስጨርስ ወረቀቱን እጃቸው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ማንበብ ባይችሉም የሳቸው ነው። የወንድማቸው ሞት የሳቸውም ነበርና።

ይህን ወረቀት የሚቀበሉት እህትህ እትዬ አልጋነሽ ናቸው።

ጥሩወርቅ